የተነፋ ጉንጭ

የጨረር ሕክምና ባለሙያዋ የፕላስቲክ ጭንብሉን ፊቷ ላይ ስታወርድ ልጅቷ ጉንጮቿን በአየር ነፋች። ጭንብሉን ከአልጋው ጋር የሚያያይዙት መቆለፊያዎች ቀጭ ቀጭ አሉ። ባለሙያዋ ወጥታ በሩ ሲዘጋ አየሩን ቀስ አድርጋ ለቀቀችው። ፕላስቲኩ ከቆዳዋ ፈቀቅ አለ፤ አሁን ጭንቅላቷን ማንቀሳቀስ ትችላለች።

መጀመሪያ ላይ ጭንብሉ ከአልጋው ጋር ጥርቅም አድርጎ ሲይዛት ከነነፍሷ የተቀበረች ይመስላት ነበር። በሕመሙ ከስታ ጭንብሉ ሲላላላት ደስ አላት። እንዳያውቁባት ጉንጯን መንፋት ከጀመረች አራተኛ ቀኗ ነው።

ዛሬ ግን ከጨረሩ በፊት የጭንቅላቷን አቀማመጥ የሚያሳይ ፎቶ የሚነሳበት ቀን ነው። ባለሙያዋ ፎቶውን አይታ ተመልሳ መጣችና ጭንብሉን ፈታችላት።

«ጭንቅላትሽ ዞሯል። ተንቀሳቀስሽ እንዴ?»

«ኧረ እኔ! ንቅንቅ አላልኩም።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ዕጢው ያለው ከአፍንጫሽ ጀርባ ነው፤ የዐይንሽ ነርቭ ደግሞ ጎረቤቱ ነው። በመሃላቸው ያለችው ቦታ የሩዝ ፍሬ አታህልም። ጭንብሉ የሚይዝሽ ጨረሩ ጤነኛውን እንዳይነካብሽ ነው።» የልጅቷን ፊት አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በይ ውኃ ጠጥተሽ ነይ፤ እንደገና እንሞክራለን።»

ኮሪደሩ ላይ አባቷ ጋዜጣ ዘርግቶ ተቀምጧል። አንድ ገጽ እንኳ አልገለጠም።

«ድቡልቡሌ፣ ቶሎ ጨረስሽ?» አላት። ጉንጯን ቆንጠጥ ሊያደርግ እጁን ሰደደ፤ የሚቆነጠጥ አጣ። «ማን ሰረቀሽ?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አላማረበትም።

ልጅቷ አንድ ዐይኗን በመዳፏ ከድና አየችው፤ ቀጥሎ ሁለቱንም ከደነች። አባቷ ጠፋ። ጭንብሉ እንደሰፋት ብትናገር አዲስ ይሠሩላታል፤ ትኩሱ እርጥብ ፕላስቲክ እንደገና ፊቷ ላይ ይለጠፋል፤ እንደገና ጥርቅም ይልባታል። ባትናገርስ?

«ምነው? አመመሽ?»

«ፈርቼ ነው፣ አባዬ።»

«እኔም» አለ አባቷ።

ተመልሳ አልጋው ላይ ተጋደመች። ጭንብሉ ሲወርድ አፏ ውስጥ ያለውን አየር ሁሉ አስወጣች። በጉንጯና በፕላስቲኩ መሃል የባለሙያዋ ጣት ዘው ብሎ ገባ።

«ሰፍቶኛል» አለች ልጅቷ። «ጉንጬን እየነፋሁ ነበር። አራት ቀን ሙሉ።»

ባለሙያዋ መቆለፊያዎቹን ፈታች።

«ዐይኔስ?»

«ሐኪሙ አሁኑኑ ያየዋል። ምንም አልሆነም ብዬ አልዋሽሽም። ጭንብሉን ግን ዛሬውኑ አዲስ እንሠራለን። እንደ መጀመሪያው ጥብቅ ይላል።»

«ሲሠራ እጄን ትይዢኛለሽ?»

«እይዝሻለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ትኩሱ ፕላስቲክ ግንባሯን፣ ዐይኖቿን፣ ከንፈሯን እየሸፈነ ወረደ። ልቧ ደረቷን ሊቀድ ደረሰ። የባለሙያዋን እጅ ጭምቅ አድርጋ ይዛ፣ ጉንጮቿን እንደከሱ ተወቻቸው።