አራት የማይሞላው እርሳስ

በሰኔ 1996 መጀመሪያ፣ አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ኦሮራ ከተማ ሃቫና ስትሪት ላይ ባለው የአብዱልሐሚድ ጎማ ቤት ጓሮ ሁለት መቶ አሥር የእርሳስ ብረቶች ተደርድረው ነበር። ሁሉም ላይ «4 ፓውንድ» የሚል ተቀርጿል። አንዱንም የመዘነ ሰው አልነበረም።

ብረቶቹ የውሃ ጠላቂ ክብደቶች ናቸው። ጠላቂ ወገቡ ላይ ካልታጠቃቸው ልብሱና የአየር ጠርሙሱ ያንሳፍፉታል። አብዱልሐሚድ ጎማ ሲሽከረከር እንዳይንቀጠቀጥ የሚገጠሙትን፣ ከአሮጌ ጎማ የሚነቀሉትን የባላንስ እርሳሶች አቅልጦ ፎርማ ውስጥ ያፈሳል፤ ልጁ ሂዳያ ጠርዛቸውን ሞርዳ ዴንቨር ላለ የጠላቂዎች ዕቃ ቤት ትልካለች።

አንድ ማክሰኞ ከዕቃ ቤቱ፣ መጥለቅ የሚያስተምር ጠልሀ የሚባል ወጣት መጣ። ፒክአፑን ፓርክ አድርጎ አርባ ብረት አወረደ። በእያንዳንዱ ላይ በቢጫ ቀለም ሌላ ቁጥር ጽፎበታል፤ 3.7፣ 3.6፣ 3.7።

«ምንድነው ይሄ ቢጫ?» አለች ሂዳያ።

«እውነቱ።»

«የኛ ውሸት ነው እንዴ?»

«የናንተማ አራት ነው የሚለው። ሚዛኑ ነው እምቢ ያለው።»

ሳቋን ዋጠች። «ለዚች ሽርፍራፊ ነው ሁሉንም ሪተርን ያደረግከው?»

«አምስት የታጠቀ ሰው ሃያ ፓውንድ ይዣለሁ ብሎ ይገባል። አንድ ተኩል ይጎድለዋል። መጨረሻ ላይ የጠርሙሱ አየር ሲያልቅ ይቀልና ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል፤ እንደዚያ በድንገት መውጣት ሳንባ ይቀዳል።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ቅዳሜ ለት ኦሮራ ግድብ ሐይቅ ውስጥ አንዱን ተማሪዬን እግሩን ይዤ ነው ያስቀረሁት።»

ሂዳያ እጁን አየች። እሱም ማየቷን አስተዋለ።

አባቷ ብቅ አለ። ከበሩ ጀርባ ሰምቷል።

«ሚዛን አጉዳይ ነህ ነው የምትለኝ?»

«አላልኩም፣ ጋሽ አብዱልሐሚድ...»

«ጽፈኸዋል እኮ! በቢጫ!»

አምስት ወቅት ሰግዶ ለሚያድር ነጋዴ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ሚዛን ለሚያጎድሉ ወዮላቸው የሚለውን የቁርኣን ቃል አብዱልሐሚድ በልጅነቱ ነው በቃሉ የያዘው።

ጠልሀ ግን በየማክሰኞው መጣ። ሂዳያም በየማክሰኞው ጓሮ ተገኘች። ነሐሴ ላይ ጠልሀ ሐጂ ይመርን ሽማግሌ ላከ። አባቷ አጭር መልስ ሰጠ፦ «መጀመሪያ ቢጫውን ያጥፋ። ልክ አራት ነው ብሎ ሰው ፊት ይመስክር። ከዚያ ልጄን ይጠይቅ።»

በማግስቱ ፒክአፑ አጠገብ ቆመው ጠየቀችው። «አጥፋውና እንጋባ ብልህስ?»

«አልችልም፣ ሂዳያ። የዚያ ልጅ እግር አሁንም እጄ ላይ አለ።»

«ጎሽ። አጠፋዋለሁ ብትለኝ ኖሮ ትቼህ ነበር።»

አሥራ አንድ ቀን ሠራች። በአባቷ ፎርማ አሥር ብረት ከጎማ እርሳስ፣ አሥር ደግሞ ፎርማውን አሙቃ ከንጹህ እርሳስ አፈሰሰች። ሁሉንም ሦስት ሦስት ጊዜ መዝና በደብተር ጻፈች።

ሐጂ ይመር ዳግም በመጡበት ዓርብ ሚዛኑን አምጥታ ከሻይ ብርጭቆዎቹ መሀል አስቀመጠችው።

«ሂዳያ፣ ግቢ ወደ ውስጥ!»

«አልገባም፣ አባባ። የምትነጋገሩት ስለ እኔ ነው።» አንዱን ብረት ሚዛኑ ላይ ጫነች። «ይሄ ንጹህ እርሳስ ነው፤ አራት። ይሄኛው የጎማ ነው፤ ሦስት ነጥብ ሰባት። የጎማው እንዲጠነክር ቀለል ያለ ብረት ይደባለቅበታል። ፎርማውም ቀዝቃዛ ስለሆነ ውስጡ አየር ይቋጥራል። እርስዎ አላጎደሉም፤ እስከ አፉ ነው የሞሉት። ግን ከዛሬ ጀምሮ እያወቁ አራት ብለው ከላኩት፣ ያኔ ማጉደል ነው።»

ብረቱን አውርዳ ወደ አባቷ ዞረች።

«ጠልሀንም አገባዋለሁ። እርስዎ ቢድሩኝ ደስታዬ ነው። እምቢ ካሉ ሐጂን በየዓርቡ እየላክሁ እለምናለሁ እንጂ አልተወውም።»

«ምነው እኔን አደከምሽኝ!» አሉ ሐጂ ይመር። «አብዱልሐሚድ፣ ልጅህ ሚዛን እንጂ ዱላ አላመጣችብህም።»

አባቷ ሁለቱን ብረቶች በሁለት መዳፎቹ ይዞ ቆየ። ሲይዛቸው ልዩነታቸው አይታወቅም። መልሶ ሚዛኑ ላይ አንድ በአንድ ጫናቸው። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «ሙሽራው የሚሰጥሽ መህር ምን እንዲሆን ነው የምትፈልጊው?» አላት።

«ሚዛን። ከዚህ የተሻለ።»

አብዱልሐሚድ ተሳስቼ ነበር ብሎ አያውቅም። ሆኖም ከሠርጉ በፊት «4» የሚለውን ከፎርማው ላይ በመሮ አንስቶ «3.7» ቀረጸበት።

መስከረም መጨረሻ ላይ፣ በተጋቡ በስድስተኛው ቀን፣ ያ ተማሪ ሂዳያ ከንጹህ እርሳስ ያፈሰሰቻቸውን አምስት ብረቶች፣ በትክክል ሃያ ፓውንድ፣ ታጥቆ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ጠልሀ አጠገቡ ሆኖ ሰዓት ያዘ፤ ሂዳያ ዳር ቆማ ደብተሯን ይዛ ጠበቀች። ሲወጡ የነገሯትን ጻፈች፦ ከመውጣቱ በፊት አሥራ አምስት ጫማ ጥልቀት ላይ ሳይንሳፈፍ ሦስት ደቂቃ ቆመ፤ እግሩን የያዘው ሰው የለም።