የካርቶን ቤተ መጻሕፍት

«ይቺስ? ይቺ ምላስ የምታሰናክል ቃል ምንድን ናት?»

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ኪቲላ የእስክሪብቷቸውን ጫፍ ፕላኑ ላይ አሳርፈው ሳምራን ቀና ብለው አዩዋት። አጠገባቸው ሼሁም፣ ቄሱም፣ የወላጆች ተወካይዋ አደ ኡርጌም መልሷን ይጠብቃሉ።

ሳምራ ቃሏን ደግማ አነበበቻት። እስካሁን ነገሩ ሁሉ እንደ ውሃ ሲፈስላት ነበር። አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ለትምህርት ቤታቸው የላከው የአዲሱ ቤተ መጻሕፍት ፕላን ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ ነው። እንድታስተረጉም የተመረጠችው እሷ ናት፤ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች «ዲክሽነሪ» የሚሏት ሳምራ። እሷ በአማርኛ ስታስረዳ፣ ጓደኛዋ ሊቺ ወደ አፋን ኦሮሞ ስትመልስ፣ መሠረቱንም ወለሉንም የበሩንም መቃን ተወጥተውት ነበር።

«ክለርስቶሪ» የምትባለዋ ቃል ግን ከትናንት ጀምሮ ሰላም ነስታታለች። ስልኳ ላይ ብትፈልጋት «የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የላይኛው ክፍል» አላት። እስቲ አሁን ሼህና ቄስ ጎን ለጎን በተቀመጡበት፣ የትምህርት ቤት ላይብረሪ ላይ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሊሠራ ነው ተብሎ ይነገራል?

ሳምራ ገጹን ገለጠች፤ መልሳ ገለበጠችው።

«ጌጥ ነው!» አለች ሊቺ በድንገት። በጠረጴዛው ስር የሳምራን እግር በእግሯ ነካ አደረገችው።

«ጌጥ?» አቶ ኪቲላ ሳቁ። «እንጨቱም መስታወቱም እሳት በሆነበት ዘመን ጌጥ ምን ያደርግልናል? ይውጣ!» ቃሏ ላይ ጭረት አሳለፉባት። «ነገ ግንበኛው ከመቱ ከተማ ይመጣል፤ ፕላኑን እናስረክበዋለን።»

ሳምራ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ዲክሽነሪ «አላውቅም» ብሎ አያውቅማ!

«ከሼም አዳንኩሽ፤ አመሰግናለሁ አይባልም?» አለቻት ሊቺ፣ ግቢውን ሲወጡ።

«ጌጥ ባይሆንስ?»

«አቦ ተይኝ! ከነሱ ውስጥ ማን ያውቃል?»

ሳምራን ያንገበገባት ይኸው ነበር። ማንም ስለማያውቅ ነው እሷን ያመኗት። አሮጌው ላይብረሪ አንድ መስኮት ብቻ አለው፤ እሱንም መደርደሪያ ጋርዶታል። ዝናብ ሲጥል መብራት ይጠፋል፤ ከተማቸው ሁሩሙ ላይ ደግሞ ዝናብ መቼ ጠፍቶ! ያኔ ተማሪው ሁሉ መጽሐፉን ይዞ ወደ በሩ ይጋፋል። አዲሱም እንደዚያው ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው? ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእሷ ዓይነቷ ነው።

ወደ እናቷ ወደ ነኢማ ጁስ ቤት ገብታ ጥግ ተቀመጠች። ስልኳ ላይ ያነሳችውን የፕላኑን ፎቶ ደጋግማ አየችው። አንደኛው ገጽ ላይ ያለው ሥዕል ግራ የገባ ነው፤ ግድግዳው ፊት ለፊት የለውም፣ ጣራው ሁለት ይመስላል።

ነኢማ አቮካዶ አንስታ መሃል ለመሃል ቆረጠችው።

«እማ፣ ቆይ! አትፍጪው!» ሳምራ ግማሹን ነጠቀቻት። ከውጭ ሲታይ አረንጓዴ ድብልብል ነገር ብቻ ነው። ሲቆረጥ ግን ልጣጩም፣ ሥጋውም፣ ፍሬውም የት እንዳለ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፕላኑም እንደዚሁ ነው፤ ቤቱን መሃል ለመሃል ቆርጦ የሚያሳይ! ጣራው ግራና ቀኝ እኩል አይደለም፤ አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ብሎ ቆሟል። በሁለቱ መሃል በቀረው ክፍተት መስኮቶች ተደርድረዋል። ጥጉ ላይ ከተሣለችው ፀሐይ የሚነሳ ቀስት በነዚያ መስኮቶች ገብቶ ማንበቢያ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል።

«ጌጥ አይደለም! ብርሃን ነው!» ብላ ጮኸች።

«አቮካዶው?» አለች ነኢማ። ሳምራ ግን በሩን አልፋ ሄዳለች።

ሊቺ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «ታዲያ ዋሽተናል ልትዪ ነው? ያምሻል እንዴ?»

«አንቺ ተናገርሽ፣ እኔ ዝም አልኩ፤ እኩል ነን። ደግሞ በቃል ብቻ አያምኑንም። ካርቶን ፈልጊ።»

በማግስቱ ኮሚቴው ዘንድ ሲደርሱ ግንበኛው መክብብ ፕላኑን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞታል። ሳምራ የብስኩት ካርቶኗን እንደታቀፈች መሃላቸው ገባች።

«ጋሼ ኪቲላ፣ ትናንት ጌጥ ነው የተባለው ልክ አይደለም። እኔ… አላውቀውም ነበር። ዝም አልኩ።»

አቶ ኪቲላ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ታዲያ ምንድን ነው?»

ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከላይ የላስቲክ ጣራ አለው፤ አንዱ ጎን ከፍ ያለ። ፊቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። «በዚች ይመልከቱ።»

ጎንበስ ብለው አንድ ዓይናቸውን ቀዳዳዋ ላይ ገጠሙ። «ጨለማ ነው። ምንም አይታየኝም።»

«እሱ ቃሏን የሰረዝንበት ላይብረሪ ነው» አለችና ከሁለቱ ጣራዎች መሃል የጠቀጠቀችውን ጨርቅ ሳበችው።

ካርቶኑ ውስጥ ብርሃን ገባ፤ አቶ ኪቲላ ዓይናቸውን ከቀዳዳዋ አልነቀሉም። ቀጥሎ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፦ «ይህን… ማንበብ… ከቻሉ… መስኮቱ… ይኑር!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሼሁ አዩ፣ ቄሱ አዩ። «ለካ የኛም ቤተ ክርስቲያን ከላይ ያለው ይሄ ነው!» አሉ ቄሱ። «መስጊዱስ መቼ አጣው!» አሉ ሼሁ።

አደ ኡርጌ ብቻ አልሳቁም። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዝናቡስ?»

ሊቺ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የውሃ ጆግ እጇን ዘረጋች። ጆጉን አንስታ ውሃውን ጣራው ላይ ለቀቀችው። ውሃው ከላይኛው ጣራ ወደ ታችኛው፣ ከታችኛው ወደ አቶ ኪቲላ ጫማ ወረደ። አደ ኡርጌ እጃቸውን ወደ ካርቶኑ አስገብተው ጽሑፉ ያለበትን ወረቀት አወጡ፤ ደረቅ ነው። ራሳቸው ላይ ከፍ አድርገው ለሁሉም አሳዩ።

«ከፕላኑ ይልቅ ካርቶኑን ስጡኝ፤ እንዳለ እሠራዋለሁ!» አለ መክብብ። ሳምራ ደስታዋ ከደረቷ ሞልቶ ጮክ ብላ ሳቀች።

አቶ ኪቲላ ጫማቸውን እያራገፉ እስክሪብቶ አነሱ። «ከጭረቱ አጠገብ ምን ብለን እንጻፈው?»

«ፎዳ ኢፋ» አሉ አደ ኡርጌ በአፋን ኦሮሞ።

«የብርሃን መስኮት» አለች ሳምራ። ሁለቱም ተጻፉ።

መክብብ ፕላኑን መልሶ ሲጠቀልል መጨረሻው ገጽ ላይ ቆመ። «ይቺ ‹ሶፊት›ስ? እኔም ሰምቻት አላውቅም።»

ሁሉም ወደ ዲክሽነሪ ዞሩ። ሊቺ እግሯን ሰበሰበች።

«አላውቃትም» አለች ሳምራ። ገጹን ወደ ራሷ ሳበችው። «እስከ ነገ ስጡኝ።»

ሊቺ ሌላ ካርቶን ፍለጋ ተነስታለች።