አሥራ ሁለተኛው ፒክአፕ

መካኒኩ ሞቶ የተገኘው ንቅንቅ ሊል በማይችል መኪና ሥር ነበር። የጣቢያው ፖሊሶች ሦስት ቀን ሙሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ ከረሙና ግራ ሲገባቸው ደላላውን አሰሩት። ደላላ ሲታሰር የሚከፋው ሰው ስለሌለ ነገሩ እዚያው ያለቀለት መሰለ።

መርማሪዋ የተጠራችው በአራተኛው ቀን ጠዋት ነው። አዛዡ መዝገቡን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገላት።

«ነገ በግድያ ወንጀል ፍርድ ቤት ይቀርባል። አንቺ አየት አድርገሽ ፈርሚበት።»

«አይቼ ልፈርም ወይስ ፈርሜ ልይ?»

አዛዡ እስክሪብቶውን መልሶ ኪሱ ከተተ። አብረው ብዙ ዓመት ስለሠሩ አመሏን ያውቀዋል።

መዝገቡ አጭር ነበር። የሟቹ ሚስት ጭቃ የሚውጣቸውን መንደሮች እየዞረች የምታዋልድ አዋላጅ ነች። ለዚህ ሥራ አራቱም ጎማ የሚጎትት ፒክአፕ ያስፈልጋታል፤ አቅማቸው የሚችለው ግን ያገለገለ ብቻ ነው። ባልየው አራት ወር ሲመርጥ ከረመ። አሥራ አንድ መኪና አየ፤ አሥራ አንዱንም ጣለ። ሻጮቹ «እስቲ ልየው» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሞተ፤ ሥሩ ገብቶ ሳለ መኪናው ተንሸራቶ ወደቀበት። በዚያን ሰዓት መኪና መሸጫው ግቢ ውስጥ ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ አብሮት የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ፣ የመኪናው ባለቤት የሆነው ጡረተኛ መሬት ቀያሽ እና ደላላው።

መርማሪዋ መኪና መንዳት አትችልም። ይህን ለማንም አትደብቅም፤ እንዲያውም ይጠቅማታል። የማያውቅ ሰው ሲጠይቅ የሚያውቀው ማብራራት ይወዳል።

ግቢው ጠጠር የለበሰ፣ ወደ በሩ ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ነው። ፒክአፑ የቆመበት ቦታ እንዳለ ተከልሏል። ቀያሹ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ጠበቃት።

«ሟቹ ‹ሞተሩን ዛሬ አስነሥተውታል ወይ?› አለኝ» አለ። «አላስነሣሁም አልኩት። ኮፈኑን ከፍቶ እጁን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። አላመነኝም ማለት ነው።»

«ለምን አስፈለገው?»

«ገዢ ሳይመጣ አሙቀው የሚያቆዩ ሻጮች አሉ። ሞተር ከሞቀ ጭሱ አይታይም። ከዚያ ምንጣፉን ገልጦ ዝገት ፈለገ። ከሥር መኪናውን የሚሸከመው ሻንሲ ላይ ብየዳ እንዳለ ለማወቅ በጥፍሩ ፋቀ። ልጄን ሊያገባ የመጣውን ሰው እንኳ እኔ እንዲህ አልመረመርኩትም።»

«መኪናው ችግር ነበረበት?»

ቀያሹ ባርኔጣውን አዟዟረው። «ስነዳው ከፊት በኩል ያንኳኳ ነበር። ያ ልጄን ያገባው ወስዶ አሠራውና ድምፁ ጠፋ። የት እንዳሠራው አልጠየቅኩም። እሱም አሁን ባሕር ማዶ ነው።»

ደላላውን ያገኘችው ጣቢያው ውስጥ ነው። ሦስት ቀን ያልተላጨ ጢሙን እያከከ ተነሣላት።

«እህቴ፣ እኔ ሊብሬውን ፍለጋ ነው መኪናው ውስጥ የገባሁት። ማርሽ የነካሁ እንደሆነ እጄ ይቆረጥ!»

«ይህን ለፖሊሶቹ ነግረሃል። ያልነገርካቸውን ንገረኝ።»

ደላላው አሰበ። ማሰብ ብዙም የለመደው ነገር አልነበረም።

«የፊት ጎማዎቹን ማያያዣ ሁለት ሆነው ነው ያዞሩት» አለ በመጨረሻ። «እዚህ መኪና ላይ አራቱ ጎማ እንዲጎትት ከተፈለገ ወርዶ የሁለቱን የፊት ጎማ ማያያዣ በእጅ ማዞር ነው። ታላቅየው ግራውን አዞረ፤ ታናሽየው ቀኙን።»

«ልማዳቸው ነው?»

«ኧረ ምን በወጣው! ‹እስቲ ልየው› የሰው እጅ ያምናል? እኔ ራሴ ስድስት መኪና አሳይቼዋለሁ። ሁለቱንም ዞሮ ዞሮ ራሱ ነው የሚያጠብቀው። ያን ቀን ወንድምየው ‹ጋሼ አትልፋ፣ ቀኙን እኔ› አለው።»

«ይህን ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

የወንድማማቾቹ ጋራዥ ክፍት ነበር። ታናሽየው ከቀብር ማግስት ጀምሮ ሥራ ገብቷል። ፊቱ ላይ እንባም ሐዘንም አይነበብም፤ ያለቀሰበትን ቀን እንኳ የሚያስታውስ አይመስልም። አንድ ብሎን ያጠብቃል። ብሎኑ ጠብቋል፤ እሱ ግን አላቆመም።

«እኔ ስለ መኪና አላውቅም» አለችው መርማሪዋ። «መኪናው በምን ተይዞ ነበር?»

«ጋሼ የኋላውን ዲፍረንሻል፣ ኃይሉን ለሁለቱ ጎማ የሚያካፍለውን፣ ሊያይ ነበር። የኋላውን በክሪክ አነሣነው። ሁለቱም የኋላ ጎማ አየር ላይ ስለሆኑ፣ እነሱን ብቻ የሚይዘው የእጅ ፍሬን ዋጋ የለውም። የሚይዘው የፊቱ ነው። ማርሽ ገብቷል፣ አራቱም ተያይዟል፤ የፊት ጎማዎቹ ከሞተሩ ጋር ታስረዋል ማለት ነው። አይሄድም።»

«ሄደ እኮ።»

«ሄደ።»

«ድንጋይስ አላደረጋችሁም?»

«ጎማው ሥር አድርገናል። ጠጠር ላይ ነው፤ ገፍቶት አለፈ።»

«ደላላው ማርሹን ፈትቶ ሲመልሰው አይተሃል?»

«አላየሁም።» የብሎን መፍቻውን አስቀመጠ፤ መልሶ አነሣው። «ከሱ በቀር ግን ውስጥ ሰው አልነበረም።»

መርማሪዋ ዐይኗን ግድግዳው ላይ ወዳለው መደርደሪያ ላከች። ባዶ የሐኪም ጓንት ካርቶኖች ተደርድረዋል። አንዳንዱ ላይ ክብ ክብ እየተደረገ ተቆርጦ ወጥቷል።

«ይህ ምን ያደርግላችኋል?»

«ለጋስኬት ነው። ሁለት ብረት ሲገጠም መሐሉ የሚገባ ወረቀት። እትዬ ከሥራ ቦታዋ ታመጣልናለች፤ እኛ እንቆርጠዋለን።»

ከጋራዡ ስትወጣ የጣቢያውን ሾፌር ይዛ ወደ ግቢው ተመለሰችና የሁለቱን የፊት ጎማ ማያያዣ ፍታልኝ አለችው። ግራው ሲፈታ ጥቁር ግሪስ የለበሱ ጥርሶች ታዩ። ቀኙን ፈታና ጣቱን አስገባ። ጣቱ ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

«እመቤት፣ ይሄ እኮ ባዶ ነው» አላት።

ከክዳኑ ጋር አንድ የወረቀት ቀለበት ተላቆ ወጣ። መርማሪዋ በመሐረቧ ጠቀለለችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በመኪና መሸጫው ቢሮ ተሰበሰቡ። ደላላው ካቴና እንዳጠለቀ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ቀያሹና ታናሽየው አግዳሚው ላይ ናቸው። አዋላጅዋ የሥራ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ውኃ ሲሰጧት ትቀበላለች፤ ተቀብላ ግን አትጠጣም። የሰዎቹን አፍ ታያለች እንጂ የምትሰማ አትመስልም።

«ከመጀመሪያው ልነሣ» አለች መርማሪዋ። «ፖሊሶቹ መኪናውን ሲያዩት ማርሽ ገብቶ፣ ማያያዣዎቹ ሁለቱም ታስረው አገኙት። እንዲህ ከሆነ የሚያንቀሳቅሰው ውስጥ ያለ ሰው ነው አሉ፤ ውስጥ የነበረው ደላላው ነው። የተሳሳቱት የማያያዣውን ክዳን አይተው ውስጡን ባለማየታቸው ነው። ቀኙ ባዶ ነው። ክዳኑ ‹ታስሯል› ይላል እንጂ ውስጡ የሚታሰር ነገር የለም። ሾፌራችን እንዳስረዳኝ ደግሞ ሁለቱን ጎማ የሚያገናኘው የፊቱ አክስል አንዱ ጎን ከተለቀቀ ሌላውም አይይዝም። ስለዚህ መኪናውን ማንም አልነካውም። በራሱ ሄደ።»

ደላላው ተነፈሰ።

«ታዲያ ውስጡን ማን አወጣው? ጌታው፣ መኪናዎ ያንኳኳ ነበር። ጥርሶቹ ከወጡ የቀኙ ጎማ አክስሉን አያዞረውም፤ ማንኳኳቱም ይጠፋል። ይህን የሠራው መካኒክ ነው፤ የሠራበትም ምልክት አለ።»

መሐረቧን ፈታችና ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወረቀቱ ላይ ግማሽ የተቆረጠ ሰማያዊ ጽሑፍ ይታያል።

«እትዬ፣ ይህን ያውቁታል?»

አዋላጅዋ ጎንበስ ብላ አየችው። «የጓንት ካርቶን ነው» አለች። «የኛ ነው። እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

«ለማን?»

«ለሁለቱም።»

«እንግዲህ ሁለት ሰዎች አሉን» አለች መርማሪዋ ድምፅዋን ሳትለውጥ። «አንደኛው በዚያ ማያያዣ ተማምኖ ሥሩ ገብቷል። ባዶ መሆኑን ቢያውቅ አይገባም ነበር። ሁለተኛው በልማዱ የማያዞረውን ማያያዣ ያን ቀን ‹ቀኙን እኔ› ብሎ ቀደመ። ባዶውን ማያያዣ የሚያዞር ሰው እጁ ላይ ሲላላበት ያውቃልና ወንድሙ እንዲነካው አልፈለገም።»

ቀያሹ አግዳሚው ላይ ከታናሽየው ቀስ ብሎ ራቅ አለ።

«ሦስት ሳምንት ይሆነዋል» አለ ታናሽየው። የሚያነብ ይመስል ነበር። «ጋሼ አልነበረም። መኪናውን ያመጣው ሰው ድምፁን ብቻ አጥፋልኝ አለ፤ አጠፋሁለት። ተመልሶ እኛው ላይ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ግቢው ውስጥ ሳየው አወቅኩት።»

«ለምን አልነገርከውም?» አለች መርማሪዋ።

«ጋሼ እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ሰው ጋራዡ ውስጥ አያቆይም። ያባርረኛል። አንድ ሰበብ ፈጥሬ እንዳይገዛው አደርጋለሁ ብዬ ነበር። ደቂቃ ነው የሚቆየው፤ ኋላውን አይቶ ይወጣል፤ ክሪኩም ይዞታል አልኩ። አፌ ላይ ነበር።»

አዋላጅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ዋርሳዋን አየችው።

«አልጠየቀህም?» አለችው። «እሱ ሳይጠይቅ አይገባም።»

«ጠየቀኝ።»

«ምን አለህ?»

«‹ቀኙ ያዘ?› አለኝ።»

«አንተስ?»

«‹ይዟል› አልኩት።»

መርማሪዋ የደላላውን ካቴና ራሷ ፈታችለት። ሰውየው ሊያመሰግናት አፉን ከፈተና የአዋላጅዋን ፊት ሲያይ መልሶ ዘጋው። ካቴናው ወደ ታናሽየው ዞረ። እጁን ሳይጠየቅ ዘረጋ።

«እማማ፣ የባሌ እናት፣ እቤት ናቸው» አለች አዋላጅዋ ለመርማሪዋ። «ከቀብሩ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሉኝ። ‹ትንሹ ልጄ በላ ወይ? እሱን እንኳ ጠብቂልኝ› ይሉኛል። አሁን ስገባም ይጠይቁኛል።»

«እኔ አብሬዎት ገብቼ ልንገራቸው» አለች መርማሪዋ።

«የለም።» አዋላጅዋ ተነሣችና ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ ወደ ታናሽየው ዞረች። ድምፅዋ ምጥ የያዛትን ሴት እንደምታናግርበት ዝቅ ያለ ነበር። «ከእንግዳ አይሰሙትም። ከእኔም አይሰሙትም። አንተ ትነግራቸዋለህ። እኔ ጎናቸው ሆኜ እይዛቸዋለሁ።»

ታናሽየው በካቴና የታሰረ እጁን ወደ እሷ ዘረጋ። «እትዬ፣ ይህን ብቻ ማሪኝ» አለ፤ በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ።

አዋላጅዋ በሩን ከፍታ ቆመች። መርማሪዋ ሰዓቷን አየችና ሾፌሩን ወደ ጣቢያ ከመሄዱ በፊት በሴትየዋ ቤት በኩል እንዲያልፍ አዘዘችው።