የፍየሉ ገመድ

ሟቹ በድሮው የድንጋይ ካባ ግርጌ በጀርባው ተንጋሏል። ወገቡ ላይ ካሰረው ሰፊ ቀበቶ የተነሣው ሰማያዊ ገመድ ሁለት ክንድ ያህል ይሄድና እዚያው ያልቃል። የቀረው ገመድ አፋፉ ላይ ከተተከለው የብረት ቀለበት ሾልኮ ወርዶ፣ ከታች ቆሞ ይይዝለት በነበረው ጓደኛው እግር ሥር ተከምሯል።

መርማሪዋ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። ቀጭን ስለሆነችና የያዘችውን ክር ሳትጨርስ ስለማትለቅ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ፊት ለፊቷ ማንም አይላትም፤ እሷም እንደማታውቅ ሆና ታውቃለች።

«አትድከሚ፣ አልቋል» አላት አለቃዋ። «ጓደኛው ቆርጦታል። ኪሱ ውስጥ ቢላ አግኝተናል። ራሱም እኔ ነኝ የገደልኩት ብሏል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ቢላውን።»

ሰጣት። ገልጣ አሸተተችውና መለሰችለት።

«ይሄ ቢላ የገደለው ብርቱካን ነው።»

«ቢላው የፈለገውን ይግደል፤ ሰውየውን ሰኞ ለዐቃቤ ሕግ አቀርበዋለሁ። የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው፤ የብርቱካን አይደለም።»

መርፌ የገመዱን ጫፍ ወደ ዓይኗ አቀረበች። በቢላ የተቆረጠ ገመድ ጫፉ እኩል ነው፤ ድንጋይ የበላው ደግሞ ይጎፍራል፣ ይንጨባረራል። ይሄኛው ሁለቱንም አይመስልም። ክሮቹ አጫጭር ሆነው፣ እንደ ደረቅ ሣር እንክት ብለዋል። አንዷን ክር በጥፍሯ ሳበቻት። ሳትለጠጥ እጇ ላይ ቀረች።

ሟቹን ሰው ሁሉ የሚጠራው «ፍየሉ» ብሎ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ሲያይ መውጣት ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ገደል ረግጦ አያውቅም። የባቡር ነጂነት ሥልጠና ገብቶ ነበርና፣ የባቡር ቤቱ ሰዎች «ጣቱን የሰበረ ሠልጣኝ ፍሬን አይዝም» ስላሉት ገመዱን ሰቀለ። በዚህ ሳምንት ተመረቀ። ወደ ገደሉ የተመለሰው ዛሬ ጠዋት ነው።

ጓደኛውን «ሸረሪት»ን ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ፣ ጠባብ ክፍል አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። እጆቹን ጭኖቹ መሃል ደብቋቸዋል።

«ገድዬዋለሁ ብለሃል።»

«አዎ።»

«እንዴት አድርገህ?»

«ገመዱን አላየሁትም።»

«ቆርጠኸዋል ወይ ነው የምልህ።»

ቀና ብሎ አያት። «እሱ እኮ ነበር ላዩ ላይ የተንጠለጠለው። እንዴት እቆርጠዋለሁ?»

መርፌ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እኛ ዘንድ የሰው ገመድ አይነካም» አለ ሸረሪት። «ሁሉም የራሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ዳብሶ ያያል። የጓደኛህን ገመድ ከዳበስክ አላምንህም ማለትህ ነው። ዳበሰው፣ ደህና ነው አለኝ። ያን ያህል ጊዜ ተሰቅሎ የከረመ ገመድ ነው፤ እስቲ እኔም ልየው ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። ሰው በሀፍረት ሰው ይገድላል?»

«ከዚያስ?»

«ወጣ። እጁ ለስልሶ ነበር። ባቡር ሰውን ያሞላቅቃል እያልኩ ከታች ስቀልድበት ነበር። መሃል ላይ ደከመውና ‹ያዘኝ፣ ልረፍ› አለ። ሁለት እጁን ለቀቀ። ያዝኩት። ከዚያ ገመዱ ቀለለኝ።»

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ሥልጠና ሲገባ ‹ከእኔ ባቡር በለጠብህ› ብዬዋለሁ፣ ሰው ፊት። እሱም ‹ባቡር ቢያንስ የሚሄድበትን ያውቃል› አለኝ። ከዚያ ሳቅን። የሳቅነውን ግን የሚመሰክርልኝ የለም።»

«ቤቱ ትሄድ ነበር?»

«ገደሉን የተወ ጊዜ ሚስቱ ከበር መለሰችኝ። ‹ያንተን ፊት ሳይ ገደል ነው የሚታየኝ› አለች። ከዚያ ወዲህ ግቢያቸውን አልረገጥኩም። ይቅር ብያታለሁ፤ አሁን ደግሞ እውነቷን ነው።»

ግቢው ከመንገዱ ጋር የሚገናኘው በባትሪ ሱቅ ነው። ሱቁን አባትየው ትቶት የሞተ ሲሆን፣ አሁን የሟቹ ታላቅ ወንድም የመኪና ባትሪ ይጠግንበታል፣ ኃይል ይሞላበታል። ከሱቁ ጀርባ የእናትየው ቤት፣ ቀጥሎ የባልና ሚስቱ፣ ከሁሉም ኋላ የጋራ ዕቃ ቤት አለ። ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶት ነበር።

ሚስትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ረጅም፣ አለንጋ የመሰለች ሴት ናት።

«ትቶት ነበር» አለች ሳትጠየቅ። «እስከ ሕይወቴ ፍጻሜ ብሎ ማለልኝ። ከተጋባን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ያየሁት ሥልጠና ከገባ በኋላ ነው።»

«ዛሬ ጠዋት የት እሄዳለሁ አለሽ?»

«ሥራ ነዋ። የመጀመሪያ ተራዬ ነው አለኝ። ሸሚዝ ተኮስኩለት።»

በመስኮቱ በኩል የልብስ ማስጫው ሽቦ ይታያል። ሽቦው ላይ ትንሽ ከረጢት ተንጠልጥላ፣ ልብስ መቆንጠጫ ሞልቶባታል። መርፌ ስታያት ሚስትየው ዓይኗን ተከተለች።

«የእሱ ናት። ገደል ሲወጣ እጁን እንዳያልበው ዱቄት ይይዝባት ነበር። ተወው አይደል ብዬ መቆንጠጫ አደረግኩባት። አየኝና ዝም አለ። ደስ ያለው መስሎኝ።»

እናትየው ከወንበር ወንበር እየዞሩ ለእንግዳ ውኃ ያድላሉ። ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ ብለዋል። አጭር ናቸው፤ የቆሙና የተቀመጡ ሰዎች ውስጥ ሲያልፉ የሚለዩት በነጭ ሻሻቸው ነው። ለመርፌም ብርጭቆ ሲያቀብሏት፣ የጥጥ ሽርጣቸው ደረቱ ላይ ወንፊት ወንፊት መስሎ አየችው። የቀዳዶቹ ዳር ቡኒ ነው።

«ይሄ ሽርጥ ምን ነካው፣ እናቴ?»

«ብል ነው፣ ልጄ። ብል ያልበላው ነገር አለ እዚህ ቤት?»

«ልጅዎ ገደሉን ርግፍ አድርጎ ትቶት ነበር አይደል?»

«እሱ ቃሉን አያጥፍም። እስክጨርስ ነው ያለኝ። ጨረሰ፣ ሄደ።» እጃቸው መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ወንበር አለፉ።

መርፌ ውኃውን ጠጥታ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደች። ገመዱ የከረመበት ምስማር ጣራው ሥር ነው። ፍየሉ ለገዛ ቁመቱ መትቶታል፤ እሷ በእግር ጣቷ ቆማ እንኳ አልደረሰችበትም።

ወንድምየው ሱቁን ዘግቶ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እንደ ወንድሙ ረጅም ነው። ባትሪዎቹ ከጣራው በተንጠለጠለ ሰንሰለት ሥር ተደርድረዋል።

«ባትሪ በሰንሰለት ነው እንዴ የምታነሣው? ገመድ አይቀልህም?»

«ገመድስ ነበረኝ፣ ናይለን። ምንም ያልሆነ፣ አዲስ የሚመስል ገመድ አንድ ቀን ብጥስ አለና ባትሪው እግሬ ላይ ወደቀ። አሲድ ነክቶት ኖሯል። ጨርቅ ቢሆን ይበሳል፣ ያዩታል። ናይለን ግን ውስጥ ውስጡን ነው የሚታመም።» ጫማውን አውልቆ የተጣመመ አውራ ጣቱን አሳያት። «ለእማዬ ከእጄ አመለጠኝ አልኳት። እውነቱን ብነግራት ሱቁን ዝጋ ትለኛለች።»

«ወንድምህ የሚመለስ መስሎህ ነበር?»

«ፍየል ገደል ይተዋል? ያርፋል እንጂ።»

መርፌ ጣቢያ ተመልሳ ገመዱን ኮሪደሩ ላይ ዘረጋችው። ባልደረቦቿ እየተራመዱት አለፉ።

«ልብስ ልታሰጪበት ነው?» አለ አንዱ።

«ሊነግረኝ ነው። ዝም በልልኝ።»

ተንበርክካ ከጫፍ ጀምራ ክሮቹን እየሳበች ሄደች። የተበጠሰበት ቦታ ክሩ እንክት ይላል። ትንሽ አለፍ ሲሉ ጣት ይቆርጣል እንጂ አይበጠስም። ጥቂት ቆይቶ እንደገና እንክት ይላል፤ ከዚያ ይጠነክራል፤ ደግሞ እንክት ይላል። ርቀቱ ሁልጊዜ ያው ነው። ተነሥታ ገመዱን በምስማሩ ላይ እንደነበረው ጠቀለለችውና ከፍ አድርጋ ያዘችው። የታመመው ቦታ ሁሉ አንድ ላይ መጥቶ፣ ከጥቅሉ ታችኛው ጎን ተሰበሰበ።

የገባት ያን ጊዜ ነው። የገባትን ባይገባት በወደደች። ቅዳሜ ነበር፤ ሰኞ ሸረሪት ይከሰሳል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በእናትየው ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሸረሪት በካቴና መጣ። ሚስትየው ፊቷን አዞረችበት። አለቃዋ፣ ሌላ የሚሠራው እንደሌለ ሰው፣ በሩ ላይ ተደግፎ ቆመ። መርፌ ገመዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይሄ ገመድ በቢላ አልተቆረጠም፤ ድንጋይም አልበላውም» አለች። «አሲድ ነክቶታል።»

ሁሉም ወንድምየውን አዩት። ወንድምየው ገመዱን አየ።

«የተነካው አንድ ቦታ ብቻ ቢሆን ካባው ላይ የሆነ ነገር ነው እል ነበር። የታመመው ግን በየዙሩ ነው። ተጠቅልሎ ሳለ፣ ታች ታቹ ብቻ ነክቶታል። ስለዚህ ነገሩ የሆነው እዚሁ ግቢ፣ ምስማሩ ላይ እያለ ነው። ሸረሪት ደግሞ ገመዱ ከተሰቀለ ወዲህ ግቢውን አልረገጠም።»

«ከበር መልሼዋለሁ» አለች ሚስትየው በቀስታ። ለሸረሪት የመሰከረችው የመጀመሪያዋ ቃል ናት።

«አንቺም አይደለሽም። ገደሉን ለዘላለም የተወ ባል ያላት ሴት ገመድ ምን አደረጋት? የእሱን ከረጢት በመቆንጠጫ ሞልተሽ ፀሐይ ላይ ሰቅለሻል። ይመለሳል ብላ የምትፈራ ሴት እንዲያ አትዝናናም። ደግሞም ከምስማሩ ትደርሻለሽ።»

«እኔስ?» አለ ወንድምየው። «አሲዱ የኔ ነው። ይመለሳል ብዬም ነበር።»

«አንተ አሲድ ናይለንን ሳያስታውቅ እንደሚገድል ታውቃለህ። ብታደርገው ኖሮ ለመግደል ነበር። ሊገድል የፈለገ ሰው ደግሞ ያን ሰንሰለት ለምን እንደሰቀለ ለመርማሪ ቁጭ ብሎ አያስተምርም። ገመዱን ማውረድም አያቅትህም ነበር። ይሄን ያደረገው ከምስማሩ የማይደርስ፣ ተንጠራርቶ የደረሰበት ላይ ብቻ ያፈሰሰ ሰው ነው። አፍስሶም ራሱ ላይ ተንጠባጥቦበታል።» ድምፅዋ ቀነሰ። «ብል ሱፍ ነው የሚበላው፣ እናቴ። ጥጥ አይነካም።»

እናትየው ሽርጣቸውን ቁልቁል አዩት።

«እስክጨርስ ድረስ ነው፣ ለእሷ አትንገሪያት አለኝ» አሉ። «ምን ላድርግ? ለእሷ ብነግራት ቤቱ ይፈርሳል። እሱን ብለምነው ይስቅብኛል፤ ‹እማ፣ ፍየል ወድቆ አይተሽ ታውቂያለሽ?› ይለኛል። የሟች ባለቤቴን ሱሪ ስንቱን ጣፍኩት፤ አሲድ የነካው ሱሪ ሲታጠብ ወንፊት ነው። ገመዱም ወንፊት ይሆናል አልኩ። ሊወጣ ሲያወርደው ያየዋል፣ ተበሳጭቶ ይጥለዋል። ሌላ እስኪያገኝ ባቡሩን ይለምዳል፣ ይተወዋል አልኩ።»

«ከዚያስ?» አለች መርፌ፤ ማወቅ ሳትፈልግ።

«ውዬ አድሬ አየሁት። ምንም አልሆነም። በጣቴ ነካሁት፣ ድፍን ነው። እንኳን እኔ አሲድም አልቻለውም አልኩ። እንዲያውም ልቤ አረፈ። ይሄን የመሰለ ገመድ ከያዘውማ ምን ይሆናል ብዬ ትናንት ሲወጣ በር ከፈትኩለት።»

ወንድምየው ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «እማዬ፣ ብትጠይቂኝ እኮ። አንድ ቃል ብትጠይቂኝ።»

«ብጠይቅህ ለእሱ ትነግረዋለህ።»

አለቃዋ ከበሩ ተነሥቶ የሸረሪትን ካቴና ፈታ። ሸረሪት ግን እንደታሰረ ሁሉ እጆቹን አጣምሮ ቀረ። ሚስትየው ወደ አማቷ አንድ እርምጃ ሄደች፤ ልታቅፋቸው ይሁን ልትጮህባቸው ራሷም ሳታውቅ መሃል ምንጣፉ ላይ ቆመች።

«ልጄ» አሉ እናትየው ወደ መርፌ ዞረው፣ «የተበጠሰው እኔ ያፈሰስኩበት ላይ ነው? እርግጡን ንገሪኝ።»

መርፌ በሥራዋ ዘመን ብዙ ሰው ዋሽቷታል። አንድ ውሸት ተበድራ ብትሰጣቸው ደስ ባላት ነበር። ከፈለገችበት ሁሉ አጣች።

«አዎ፣ እናቴ።»

እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽርጣቸውን ፈትተው አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አኖሩ። በሩ ሥር ጫማቸውን ፈልገው አደረጉ።

«በቃ እንሂድ።»

«የት፣ እናቴ?»

«ሰው የገደለ የሚወሰድበት።»

መርፌ አለቃዋን አየችው። አለቃዋ መሬት አየ።

«ዛሬ የሚወስድዎ የለም» አለች መርፌ። «ቃልዎን እንቀበላለን፤ ዐቃቤ ሕጉ አይቶ...»

«እዚህማ አታስቀሩኝ» አሉ እናትየው። ያን ቀን ድምፃቸው የተሰበረው እዚህ ላይ ነው። «ከእነዚህ ልጆች ጋር ምን ብዬ እቀመጣለሁ? ልጄ ነሽ፣ ውሰጂኝ።»

መርፌ ክንዳቸውን ይዛ ተነሣች። በሩን ከፈተች። ውጭ መኪናው ቆሟል፤ ሾፌሩን ወዴት ንዳ እንደምትለው ግን አታውቅም። ከኋላዋ ሚስትየው ማልቀስ ጀመረች፤ ለባሏ ይሁን ለአማቷ አይለይም። እናትየው እጇን እንደ ሕፃን ጨብጠው ይጠብቃሉ።

መርፌ እጃቸውን ሳትለቅ በሩን ከውስጥ መልሳ ዘጋችው።