ሦስተኛው መታጠፊያ

«ማነው እንዲህ ያደረገው?» አሉ መምህር ፍቅረ ሥላሴ። ድጅኗቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆሙ።

ከአዋሽ ከተማ ጀርባ ወደ ወንዙ የሚወርደው የእግር መንገድ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ደርሰዋል። ባለፈው ወር ሦስት ቅዳሜ ሙሉ የለፉበት የድንጋይ ካብ ግማሹ የለም። ድንጋዮቹ ገደሉ ውስጥ ተበታትነው ይታያሉ። ካቡ ደግፎት የነበረውን አፈርም ሐሙስ የጣለው ዝናብ ጠርጎ ወስዶታል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ መንበረ ጓንታቸውን አውልቀው የተረፉትን ድንጋዮች ዳበሱ። ከኋላቸው የጂኦግራፊ ክበብ ልጆች ተሰልፈዋል። እድላዊት ከሁሉም ኋላ ቆማለች።

ረቡዕ ረፋድ ላይ እሷና ጓደኛዋ ሐጂራ እዚሁ ቦታ መጥተው ነበር። ሐጂራ ገደሉን ከጀርባዋ አድርጋ ካቡ ላይ ቪዲዮ ተነሳች። ቀጥሎ እድላዊት ወጣች። እየዘለለች ስትጨፍር ከእግሯ ስር አንድ ድንጋይ ተንሸራተተ፤ እሱን ተከትሎ ሌላው፤ ከዚያ ግማሹ ካብ። ሐጂራ እጇን ይዛ ባትጎትታት ኖሮ አብራ ትወርድ ነበር። እየሳቁም እየተንቀጠቀጡም ሽቅብ ሮጡ።

«ፍየል ነው» አለ የክበቡ ሰብሳቢ አብዮት። «የኸሊዳ ፍየሎች በዚህ አይደል የሚመላለሱት?»

«ረቡዕ ዕለት እኔም አይቻለሁ» አለች ሐጂራ ፈጠን ብላ። «ካቡ ላይ ወጥተው ነበር።»

እድላዊት ጓደኛዋን አየቻት። ሐጂራ አቀርቅራ የጫማዋን ክር ታስራለች።

ኸሊዳ ታች ወንዙ አጠገብ የምትኖር የአፋር ሴት ናት። በየማለዳው የፍየል ወተት በሁለት ትንንሽ ጄሪካን ይዛ በዚህ መንገድ ትወጣለች፤ ከተማ ውስጥ በየቤቱ እየዞረች ትሸጣለች።

«መግቢያውን በእሾህ እንዝጋው» አለ አብዮት።

«ኸሊዳ እኮ...» አሉ መንበረ፤ አልጨረሱትም።

መምህሩ ጫፉ ድረስ ሄደው ገደሉን አዩ። «እስኪጠገን ይዘጋ» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ይዞ ከሚናድ ይሻላል። ስለ ፍየሎቹ ግን እሷን ላነጋግራት።»

ባልና ሚስቱ አዋሽ ከመጡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይ ሳይበረታ ውሃቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ መምህሩ ከፊት፣ መንበረ ከኋላ። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ «ምን ጠፍቷቸው ነው?» እያለ ይስቅባቸው ነበር። ጉዳይ ሳይኖረው በእግሩ የሚንከራተት ሰው አይቶ አያውቅማ። እነሱ ግን ሲሄዱ እሾህ ያነሳሉ፣ የሚያንሸራትተው ቦታ ላይ ድንጋይ ያነጥፋሉ። ሲመለሱ ላብ በላብ ሆነው እየተሳሳቁ ነው። ዘንድሮ የክበቡ ልጆች ተቀላቀሏቸው። በሚቀጥለው ወርም ሥራቸውን ሰመራ በሚደረግ የተማሪዎች ዝግጅት ላይ እንዲያሳዩ ተጋብዘዋል።

«አታካብጂ በቃ» አለች ሐጂራ፣ ወደ ቤት ሲመለሱ። «ማንም አላየንም። ቲቸር ካወቁ እኮ ሰመራ ቀረ ማለት ነው።»

«ኸሊዳስ?»

«በአስፋልቱ ዞራ ትመጣለች። ምን ትሆናለች?»

ማክሰኞ ኸሊዳ የእነ እድላዊትን በር ያንኳኳችው ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። ፈረቃዋ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ እድላዊት ቤት ነበረች። የኸሊዳ ሻርፕ በአቧራ ነጥቷል። በከባድ መኪኖች መንገድ ዳር ዳሩን ሁለት ሰዓት ሄዳለች። የእድላዊት እናት አስረሳች ወተቱን እሳት ላይ እንደጣደችው ረጋ።

«ሙቀት አበላሽቶታል» አለች አስረሳች ድስቱን እያየች። «ትናንትም እንዲሁ ነው። ካሁን በኋላ ከሱቅ ብንገዛ ይሻላል።»

ኸሊዳ ጄሪካኗን ዘግታ ወደሚቀጥለው በር ሄደች። እድላዊት መስኮቱ ጋ ቆማ፣ ጎረቤቷም ራሷን ስትነቀንቅባት አየች።

የዚያን ቀን ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ መምህሩ ቤት ሄደች። በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። መንበረ የባላቸውን እጅ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መዳፉ ውስጥ የቀረ እሾህ በመርፌ ያወጣሉ።

«አትንቀሳቀስ ፍቅሬ። እንደ ሕፃን...»

«ፍየል አይደለም» አለች እድላዊት ገና ሳትቀመጥ። «እኔ ነኝ። ካቡ ላይ ወጥቼ ዘለልኩበት።»

መርፌው ቆመ። መምህር ፍቅረ ሥላሴ ትክ ብለው አዩዋት።

«የቆምሽው መሐሉ ላይ ነው ጫፉ ላይ?»

«ጫፉ ላይ።»

«የማዕዘኑ ድንጋይ» አሉ ወደ ሚስታቸው ዞረው።

«ትንሽ ነው ብዬህ ነበር» አሉ መንበረ። ከዚያ ለእድላዊት ወንበር አቀረቡላት፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። «ብቻሽን ነበርሽ?»

«የራሴን ነው የምናገረው እትዬ።»

መንበረ አልገፉም። መርፌውን ጨርቅ ላይ ሰኩት።

«መጀመሪያ ስንመጣ» አሉ፣ «ሙቀቱ አሸንፎኝ፣ ደብረ ብርሃን መልሰኝ እያልኩ አለቅስ ነበር። አንድ ጠዋት ገደሉ ጫፍ ቆመን ወንዙን ስናይ ኸሊዳ ከታች ብቅ አለች። እኛ መንገድ መኖሩንም አናውቅም። ወተቷን ሸጣ እስክትመለስ ጠብቁኝ አለችንና እስከ ውሃው ወሰደችን። እኛ ድንጋይ ነው የጨመርንበት እንጂ መንገዱ የነሱ ነው።»

እድላዊት የቀረበላትን ወንበር ይዛ ቆመች።

«የሰመራውን ጉዞ ክበቡ ይወስናል» አሉ መምህሩ። «ልትቀሪ ትችያለሽ። ኸሊዳን ነገ እኔ...»

«እኔ ልንገራት ቲቸር» አለች።

በማግስቱ በጠዋት ተነስታ አስፋልቱን ይዛ ወደ አዋሽ አርባ አቅጣጫ ሄደች። የተጫኑ መኪኖች እየጮሁ ያልፏታል፤ ንፋሳቸው ቀሚሷን ይገፋል። ሩቅ ሳትሄድ ኸሊዳን አገኘቻት። አጠገቧ ቆማ ሁሉንም ነገረቻት፤ ቪዲዮውን፣ ዝላዩን፣ ዝምታዋን።

ኸሊዳ ወደ ተዘጋው መንገድ አቅጣጫ ዞራ አየች።

«አራት ቀን» አለች። «አራት ቀን ሙሉ ስዞር አየሽኝ። አፍ የለሽም?»

ኸሊዳ መንገዷን ቀጠለች። ትንሽ ሄዳ እጇን ለማሳረፍ ጄሪካኖቹን አስቀመጠች። እድላዊት ደረሰችባትና አንዱን አነሳች።

ኸሊዳ ጄሪካኑን አየችው፤ እሷንም አየቻት። አልቀማቻትም።

«ፍጠኚ እንግዲህ» አለች። «ፀሐይዋ ሳትበረታ።»

እድላዊት ጄሪካኑን ወደ ሌላ እጇ አዛወረችና እርምጃዋን አረዘመች።