ፍላሹ በሰኪና ጌም ቤት

ታጁ ፍላሹን በሩዝ ጆንያው ላይ ጣል አድርጎ እጁን ሰበሰበ።

«ጨዋታው ውስጥ ግድግዳ አሳልፎ ያሳያል» አለ። «ጠላትሽ የት እንደተደበቀ ቁጭ ብለሽ ታይዋለሽ።»

«በነፃ?»

«በነፃ።»

ምኞት ፍላሹን ጨበጠች። ከደብረ ታቦር የሚወርዱት የጭነት መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ። የወረታ ገበያተኛ ዞር ብሎም አላያቸው።

እዚህ ምኞት ብሎ የሚጠራት የለም። መስከረም ናት፤ ሰኪና ጌም ቤት የተቀጠረች ኮምፒውተር ጠጋኝ። ሰላይ መሆኗን የሚያውቀው አለቃዋ ሕዝቅኤል ብቻ ነው። «ሸምበቆ» ይላታል።

የሚያድኑት ሰው «አዞ» ይባላል። በክፍያ የሚሸጠውን የጨዋታ ማጭበርበሪያ ሰብሮ በእነ ታጁ እጅ በነፃ ይበትናል። ተጫዋቹ ማሸነፉን እንጂ አብሮ የገባውን ሌባ ፕሮግራም አያይም። ሌባው የይለፍ ቃል ይለቅማል፤ ፎቶ ይሰርቃል። አዞ ደግሞ በፎቶው ያስፈራራል። ሁለት ልጃገረዶች በዚሁ ሰበብ ከቤታቸው ጠፍተዋል።

ጌም ቤቱ ስትደርስ ባለቤቷ ሰኪና ፍላሹን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«መስኪ፣ ጉዳት የለውም አይደል?»

«የለውም።»

«አንቺ ካልሽ ይሁን፣ እህቴ።»

ሰኪና ፎቶም ታነሣለች። የከተማው ሙስሊም ሴቶች የሒና ዕለት ተገላልጠው የተነሡት ፎቶ ሁሉ እዚያው ልጆች በሚጫወቱበት ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው። ሴት ናት ብለው አምነዋታል።

ምኞት ይህን ለሕዝቅኤል ነግራዋለች። «ፕሮግራሙ ወደ አዞ ሲደውል አድራሻውን እይዛለሁ፤ ወዲያው መስመሩን እቆርጣለሁ» ብሎ ምሎላታል።

ፍላሹን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችው።

ጨዋታው ተከፈተ። ልጆቹ ጮኹ፤ ግድግዳው እንደ መስተዋት ጠርቷል።

«አድራሻው ተገኘ» አለ ሕዝቅኤል በጆሮ ማዳመጫዋ።

«ይቁረጡት።»

ፋይሎቹ ማለፋቸውን ቀጠሉ።

«ይቁረጡት እንጂ! ፎቶዎቹ እየወጡ ነው!»

«ይውጡ። አዞ ሲከፍታቸው ነው ያለበትን ቤት የምናውቀው። ከመጀመሪያውም የፈለግሁት ፎቶዎቹን ነው።»

የኢንተርኔቱ ገመድ እግሯ ሥር ነበር።

አልነቀለችውም።

በዚያው ቀን አዞ ተከራይቶ ከተደበቀበት ቤት ተያዘ። ታጁም ተያዘ። ግን እጁ ላይ ካቴና ከመግባቱ በፊት አዞ ፎቶዎቹን በትኗቸው ነበር።

በማግሥቱ ሴቶቹ የሰኪናን በር ሞሉት።

«ገመናችንን ለማን ሸጥሽው?»

«ወላሂ አልሸጥኩም!»

ራህመት የምትባል ሙሽራ ወደፊት ወጣች። ኒካዋ ሊታሰር ሳምንት አልቀረውም ነበር። «እናቴን እንኳ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ» አለች።

ሰኪና ወደ ምኞት ዞረች።

«መስኪ፣ ንገሪያቸው እስቲ። ማሽኑን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ሸምበቆ አይናገርም። ትእዛዙ ይህ ነበር። ምኞት ግን ትእዛዙ ባይኖርም አፏ እንደማይከፈት ያን ጊዜ አወቀች።

«እኔ... አላውቅም» አለች።

ሰኪና አልጮኸችባትም። ትክ ብላ አየቻት። ገባት። ከዚያ ሴቶቹ ፊት ብቻዋን ቆመች።

ምኞት ከወረታ የወጣችበት ሚኒባስ ውሃ በተኛበት በፎገራ ሜዳ መሃል ሲሮጥ መልእክት ገባ። «ግሩም ሥራ ነው፣ ሸምበቆ።» ምኞት ሲሙን አውጥታ ሰበረችው።

ሐሙሲት ላይ ወረደች። አንዲት ባልቴት «እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ?» አሏት።

ቀና ብላ መመለስ አልቻለችም። አንገቷን ደፍታ ከገበያተኛው መሃል ገባች።