እርጎው እንዳይናጥ

ይህ የሆነ ነገር ነው። የማያምን ካለ መንገዱ ዛሬም አለ፤ ሄዶ ይየው።

ግንቦት 1966 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። መካነ ሰላም።

ረሃቡ ወሎን በልቶ አልጠገበም። ሬዲዮው አዲስ አበባ ላይ ወታደሩ አምጿል ይላል። አቶ ብዙነህ የሚባለው ነጋዴ ግን ጤፍ እየጫነ ወደ ደሴ ይልካል። ሰው እዚህ እየረገፈ እህሉ ከዚህ ይወጣል... የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም።

ወገቡን ስለታመመ የጭነት መኪናውን የሚነዳለት ልጁ ንጉሡ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ሁለቱን ወንድሞቹን ኩፍኝ ወስዷቸው የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ብዙነህ ቀን ከሌት የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ሲበር ገደል እንዳይገባበት።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያለ ይቆጣጠረዋል።

መኪናው ሲወጣ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ይጽፋል። ነዳጁን በእንጨት ይለካል።

ይሄም አላስተኛውም። ሚስቱ ድንቅነሽ ቅቤ የምታወጣበትን ቅል እርጎ አስሞላና አፉን በሰም አሽጎ ከመሪው አጠገብ አንጠለጠለው። ልጁ በዝግታ ከነዳ እርጎው እንዳለ ይመለሳል። ከበረረ ይናጥና ቅቤ ይወጣዋል።

«ለማንም እንዳትቆም» አለው። «ረሃብተኛ ከተንጠላጠለብህ አለቀልህ። መንገድ ቢዘጉብህም እለፍ።»

«እሺ አባባ።»

ልጁ ሄደ። ጭነቱን ደሴ አራግፎ፣ በአራተኛው ቀን፣ በዘጠኝ ሰዓት ተመልሶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ።

ብዙነህ መጀመሪያ ቁጥሩን አየ። ልክ ነው። ነዳጁን ለካ።

ባዶውን የተመለሰው መኪና ሲመለስም ሙሉ የጫነ ያህል ነዳጅ በልቷል...

ጎንበስ ብሎ ጭነቱን የሚሸከመውን ባሌስትራ አየ። ብረቱ ተለጥጦ ተኝቷል። መቶ ኩንታል የጫነ ይመስላል። መኪናው ላይ ግን ምንም የለም።

ምንም፣ ከዝንቡ በቀር።

ዝንቡ ደግሞ የመኪናው ወለል እንጨት ላይ አላረፈም። ቁጭ ያለ ሰው ራስ በሚደርስበት ከፍታ ላይ፣ አየር ላይ፣ በየቦታው ክብ ሠርቶ ቆሟል።

ሽታም ነበረ። ልናገረው እንኳ ይቀፈኛል።

ብዙነህ አፍንጫውን በነጠላው ይዞ ቅሉን አወረደ። ሰሙን ሰብሮ አየው። እርጎው ንክች አላለም፤ የቅቤ ፍንጣሪ እንኳ የለበትም።

ደስ አለው። «ጎሽ የኔ ልጅ» ብሎ ቆሞ ጨለጠው። ያ ሁሉ ሽታ እያለ ጠጣው፤ እኔን ከሁሉ የሚያቅለሸልሸኝ ይሄ ነው።

አፉን ሲጠርግ ዓይኑ ከኋላው ጎማ ላይ አረፈ።

ጎማው ስንጥቅ ውስጥ ቡትቶ ተሰክቷል። ከቡትቶው ጋር ፀጉር አለ። ትንሽ፣ ለስላሳ ጥቅል ፀጉር...

የሕፃን ቁንጮ ነበር።

«ንጉሡ» አለ በሹክሹክታ። «ምን መታህ?»

«አልመታሁም።»

«አብሽር፣ ንገረኝ። አልቆጣህም።»

«ከአቀስታ ወዲያ... ሰዎች መንገዱ ላይ ተኝተው ነበር። መኪና ለማስቆም።»

«ታዲያ?»

«ለማንም እንዳትቆም ብለውኛል።»

«ታዲያ!»

«ቀስ ብዬ አለፍኩ አባባ። በጣም ቀስ ብዬ። እርጎው እንዳይናጥ።»

ብዙነህ የጠጣው ተመለሰ። እጁን መሬት ላይ ተክሎ ደጋግሞ አስመለሰ። ገደል እንዳይበላበት ሲጠብቀው የኖረው ልጅ ከፊቱ ቆሟል፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ብዙነህ ግን ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

«ስንት...» አለ። «ስንት ነበሩ?»

«ስሄድ አልቆጠርኩም።» የልጁ ድምፅ ረጋ ያለ ነው። «ስመለስ ግን እዚያው ቆመው ጠበቁኝ። ያኔ ቆምኩላቸው።»

ንጉሡ ወደ ኋላ ዞረና የመኪናውን መዝጊያ አወረደ። ባዶው ላይ እጁን ዘረጋ።

«ቀስ እያላችሁ ውረዱ» አለ። «ደርሰናል።»

ባሌስትራው ሲጥ አለ። ጥቂት ከፍ አለ።

እንደገና ሲጥ አለ።

እንደገና...

«አባባ፣ መንገድ ይልቀቁላቸው» አለ ልጁ።

ብዙነህ እየተንፏቀቀ ከቤቱ በር ዞር አለ። ማንም አይታይም። አንድ ትከሻ ግን ገፋ አድርጎት አለፈ። ከዚያ ሌላ ትከሻ። አጥንት ብቻ የሆነ ትከሻ።

ከቤት ውስጥ የድንቅነሽ ድምፅ ተሰማ። «ቤት ለእንግዳ» አለች፤ ከዚያ ድምጿ ተቋረጠ።

መኪናው ባዶውን ሲቀር፣ አንዲት ትንሽ እጅ የብዙነህን ጣት ያዘች። ደረቅ ናት። ትቀዘቅዛለች።

ወደ ቤት ጎተተችው።